ጥፋቱ የእጃችን ነው ወይስ የካሜራው?
በእሁድ የፎቶግራፍ ክፍል ለእህቶች የተሰጠ ንግግር

እህቶቼ፣  እኔም ሰው ቤት ስሠራ ሳምንቱን ሙሉ እሁድን ስቆጥር ነው የኖርኩት። የእሁድ ሰዓት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ስለማውቅ መግቢያ አላበዛም።

የዛሬው ጉዳያችን የድሮ የፊልም ካሜራ ነው፤ ራሱ ፎከስ የሚያደርገው፣ ኦቶፎከስ የሚባለው። ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዛችሁ መጥታችኋል። «ካሜራው ጢጥ ብሎ ፎከስ አድርጌያለሁ ይለኛል። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ግን ፊቱ ብዥ ብሏል። ምን አጥፍቼ ነው?»

«ምን አጥፍቼ ነው?» የምትለዋ ቃል ላይ ቆም እንበል። ሰው ቤት ስንሠራ ብርጭቆ ቢሰነጠቅ፣ የልብስ ማጠቢያው ቢቆም፣ ጥፋቱ መጀመሪያ የሚፈለገው እኛ ጋ ነው። ይህን ከመልመዳችን የተነሣ ማንም ሳይከሰን ራሳችንን እንከሳለን። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ይሄ አሮጌ ዕቃ አይረባም» ብላችሁ ካሜራውን ሻንጣ ውስጥ መልሳችሁታል። አንዷ በራሷ ላይ ፈረደች፣ ሌላዋ በካሜራው ላይ ፈረደች፤ ሁለቱም ግን ሳይፈትሹ ነው የፈረዱት። ዛሬ የምንማረው መፈተሽን ነው። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ነው ያለው። ለፊልሙም ለማሳጠቢያውም የምትከፍሉት ከላባችሁ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በከንቱ ከመውጣቱ በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ እንወቅ።

ከዚያ በፊት አንዲት ምክር ልስጥ። እነዚህ ካሜራዎች ወደ እጃችሁ የሚገቡት ወይ ቤይሩት ወንዝ አጠገብ ካለው የእሁድ ገበያ ገዝታችሁ ነው፣ ወይ ማዳም ዕቃ ቤት ስታጸዳ «ውሰጂው» ብላችሁ ነው። ማዳም የሰጠቻችሁ ከሆነ መስጠቷን በወረቀት ላይ በአንድ መስመር ጽፋ እንድትፈርም፣ ወይም በስልክ መልእክት እንድትልክላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ነገ ከቤቱ ስትወጡ ሻንጣችሁ ውስጥ ካሜራ ቢገኝ ያቺ መስመር ትጠብቃችኋለች።

ካሜራው እንዴት ያያል?

ኦቶፎከስ ያለው ባለ መስታወት ካሜራ በገበያ ላይ በሰፊው የታወቀው በፈረንጆች 1985 ሚኖልታ 7000 ሲወጣ ነው። ካኖን በ1987 ኢኦኤስ 650ን አወጣ፤ ኒኮን ደግሞ በ1988 ኤፍ-801ን። በእናንተ እጅ ያሉት የእነዚህ ወንድሞችና ልጆች ናቸው። መልካቸው ቢለያይም አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው።

ሌንሱን አውልቃችሁ ወደ ውስጥ ብታዩ አንድ ጋደል ያለ መስታወት ታያላችሁ። በሌንሱ የገባው ብርሃን አብዛኛው በዚህ መስታወት ነጥሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ እኛ ዓይናችንን አስጠግተን የምናየው ይህን ነው። መስታወቱ ግን መሐሉ ላይ ጥቂት ብርሃን ያሳልፋል። ከጀርባው ሌላ ትንሽ መስታወት ተንጠልጥላለች፤ ያለፈውን ብርሃን ተቀብላ ወደ ታች ወደ ካሜራው ወለል ትመልሰዋለች። እዚያ ወለሉ ላይ የፎከስ ዓይን አለ። ይህ ዓይን ምስሉን በሌንሱ በሁለት ወገን አይቶ ያስተያያል፣ ልክ እኛ በሁለት ዓይናችን ርቀት እንደምንለካው። ሁለቱ ምስሎች በትክክል ሲገጥሙ «ይዣለሁ» ይላል። መዝጊያውን ስትጫኑ ሁለቱም መስታወቶች ብድግ ይላሉ፣ ብርሃኑም በቀጥታ ወደ ፊልሙ ይሄዳል።

እንግዲህ ብርሃን ሦስት መንገድ አለው ማለት ነው፤ ወደ ማያው፣ ወደ ፎከስ ዓይኑና ወደ ፊልሙ። ካሜራው ትክክል እንዲሆን የሦስቱ መንገዶች ርዝመት እኩል መሆን አለበት። ካሜራው ወድቆ ትንሿ መስታወት በጥቂቱ እንኳ ከቦታዋ ብትዛነፍ፣ ወይም ከዓመታት ብዛት የተበላሸው ስፖንጅ እንደ ሬንጅ ቀልጦ መስታወቱን ቢይዘው አንዱ መንገድ ይረዝማል ወይም ያጥራል። የዚያን ጊዜ ካሜራው የሚያየው ትክክል ነው፣ ፊልሙ ላይ የሚያርፈው ግን ሌላ ነው። ይህን የሦስት መንገድ ነገር ልብ በሉት፤ ኋላ ፈተናውን ስንሠራ ሁሉም ነገር ወደዚህ ይመለሳል።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ የፎከስ ችግር ነው?

ብዥ ያለ ፎቶ ሁሉ ፎከሱ የሳተ አይደለም። ሦስት ዓይነት ብዥታ አለ።

አንደኛው የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። በፎቶው ላይ ያሉትን ትናንሽ መብራቶች ወይም የጆሮ ጌጥ ብልጭታ እዩ። ነጥብ መሆን ሲገባቸው ወደ አንድ ወገን እንደ ጭረት ከተሳቡ እጃችሁ ተንቀሳቅሷል። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ከ1/60 ሰከንድ ባነሰ ፍጥነት በእጅ ይዛችሁ አታንሡ። ቤት ውስጥ ማታ ከሆነ በፍላሽ አንሡ፣ ወይም ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፉት።

ሁለተኛው የፎቶ ቤቱ ችግር ነው። ኔጋቲቩን መልሰው እንዲሰጧችሁ ሁልጊዜ ጠይቁ፤ ገንዘቡን የከፈላችሁበት እሱ ነው። በማጉያ መነጽር ወይም የ50 ሚሊሜትር ሌንስን ገልብጣችሁ ወደ ብርሃን ይዛችሁ እዩት። ኔጋቲቩ ላይ ሽፋሽፍት ጥርት ብሎ ከታየና የታተመው ፎቶ ብዥ ካለ እናንተም ካሜራውም ነጻ ናችሁ። እንደገና ይታተምላችሁ።

ሦስተኛው እውነተኛው የፎከስ ስሕተት ነው። ምልክቱ ይህ ነው፦ ሰውየዋ ብዥ ብላለች፣ ከእሷ ፊት ያለው የቡና ሲኒ ወይም ከኋላዋ ያለው መጋረጃ ግን ጥርት ብሏል። ካሜራው የሆነ ነገር ይዟል፤ የያዘው ግን እናንተ የፈለጋችሁትን አይደለም። ፎቷችሁ እንደዚህ ከሆነ አብረን እንቀጥል።

ሁለተኛ፦ ካሜራው ምን ላይ ነበር ያነጣጠረው?

ማያው መሐል ትንሽ ቅንፍ ወይም ሳጥን አለች። የድሮዎቹ ካሜራዎች ፎከስ የሚያደርጉት እዚያች ውስጥ ባለው ነገር ላይ ብቻ ነው። ሁለት ጓደኛሞችን ጎን ለጎን አቁማችሁ ብታነሡ ሳጥኗ በመሐላቸው ባለው ክፍተት አልፋ ግድግዳውን ትይዛለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሳጥኗን የአንዷ ዓይን ላይ አድርጉ፣ መዝጊያውን በግማሽ ተጫኑና ያዙ፣ ከዚያ ካሜራውን ወደፈለጋችሁበት መልሳችሁ ሙሉ በሙሉ ተጫኑ። ይህ እንዲሠራ የፎከሱ ምርጫ «አንድ ጊዜ» በሚለው ላይ መሆን አለበት። በኒኮን ኤፍ-801 «ኤስ» የሚለው ነው፤ «ሲ» ላይ ከሆነ ፎከሱ ባይያዝም ፎቶውን ያነሣል። በካኖን ደግሞ «ዋን ሾት» የሚለው ነው።

ሌላም አለ። የመጀመሪያዎቹ ኦቶፎከስ ካሜራዎች የፎከስ ዓይናቸው አንድ ጋድም መስመር ነበር። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የቆመን መስመር ያያሉ፣ ጋድሙን ግን አያዩም። በሁለቱም በኩል የሚያይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ዓይን በካኖን የመጣው በ1989 በኢኦኤስ-1 ነው። ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? እህታችን የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ጥለቱ ደረቷ ላይ በአግድም ቢያልፍና እናንተ ጥለቱን ብታነጣጥሩ ሌንሱ ወዲህ ወዲያ እያለ ይዋትታል። ነጭ ነጠላ ላይ ብታነጣጥሩም የሚይዘው ነገር ያጣል። የዓይን ነጭና ጥቁር የሚገናኙበት ቦታ፣ የአንገት ልብስ ጠርዝ፣ ወደ ታች የወረደ ሹሩባ ጥሩ ማነጣጠሪያ ናቸው። ያለው ነገር ጋድም ብቻ ከሆነ ካሜራውን ወደ ቁም አዙሩት፣ በግማሽ ተጫኑ፣ መልሱት፣ አንሡ።

ርቀቱንም አትርሱ። የተለመዱት የ50 ሚሊሜትር ሌንሶች ከ45 ሳንቲሜትር በታች አይይዙም። በጣም ቀርባችሁ በኤፍ 1.8 ስታነሡ ደግሞ ጥርት የሚለው ክፍል ቀጭን ነው። በ1 ሜትር ርቀት በድምሩ 4 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። በግማሽ ተጭናችሁ ከያዛችሁ በኋላ እናንተ ወይም እሷ ለመሳቅ ትንሽ ዘንበል ብትሉ ፎከሱ ከዓይን ወደ ጆሮ ሄደ ማለት ነው። ይህ የካሜራው ብልሽት አይደለም።

ሦስተኛ፦ ገንዘብ የማያስወጣ ጽዳት

ባትሪውን በአዲስ ቀይሩ። ሚኖልታ 7000 አራት ትሪፕል ኤ፣ ኒኮን ኤፍ-801 አራት ደብል ኤ፣ ካኖን ኢኦኤስ 650 ደግሞ 2ሲአር5 የሚባለውን ባለ 6 ቮልት ይበላል። የደከመ ባትሪ ሌንሱን የሚያዞረውን ሞተር ያደክመዋል። የባትሪው ቤት ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

ሌንሱን አውልቁና ከኋላው ያሉትን ወርቃማ ነጥቦች፣ ካሜራው ላይም ያሉትን፣ በንጹሕ ደረቅ ጥጥ ልብስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ሌንሱና ካሜራው የሚነጋገሩት በእነዚህ ነው። የሌንሱን የኋላ መስታወት እዩ፤ የጣት አሻራ ካለ ምስሉን ያደበዝዛል። ከዚያ ሌንሱን መልሳችሁ ግጠሙና በእጃችሁ በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት። ትንሽ መዞር ያለ ነው፤ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን የመግጠሚያው ብሎን ላልቷል።

የፎከስ ዓይኑ ወለሉ ላይ ስለሆነ አቧራ ይሰበሰብበታል። ካሜራውን አፉን ወደ ታች ደፍታችሁ ያዙና በጎማ የአየር መንፊያ ሁለት ሦስት ጊዜ ንፉ፤ አቧራው በራሱ ይወድቃል። በአፋችሁ አትንፉ፣ ምራቅ ይገባል። በቆርቆሮ የታሸገውንም አየር አትጠቀሙ፣ ኃይለኛና ቀዝቃዛ ነው። መስታወቶቹን፣ ከላይ ያለውን ስክሪን፣ ከኋላ ያለውን ስስ የሹተር መጋረጃ በጣትም በጨርቅም በአልኮልም አትንኩ። ቤት ስናጸዳ ጠንክሮ መፈተግ ጉብዝና ነው፤ እዚህ ግን ጉብዝናው አለመንካት ነው።

አራተኛ፦ የሦስት የሻይ ካርቶን ፈተና

ይህ ሁሉ ተደርጎ ችግሩ ካልተወገደ ፈተናውን እንሥራ። የሚያስፈልጉት ሦስት የሻይ ካርቶኖች፣ ማስመሪያ፣ የመጻሕፍት ክምር ወይም ትሪፖድ፣ አዲስ ፊልምና ወረቀት ከእስክሪብቶ ጋር ናቸው። ብዙ ጽሑፍ ያለበት የካርቶን ወገን ወደ እናንተ ይዙር።

በቀን፣ ከመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማትመታው ጠረጴዛ ፈልጉ። መሐለኛውን ካርቶን ከካሜራው 1 ሜትር ርቀት ላይ አቁሙ። ግራውን 5 ሳንቲሜትር ወደ እናንተ አቅርቡ፣ ቀኙን 5 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ አርቁ። አንዱ ሌላውን አይጋርድ። ካሜራውን የመጻሕፍቱ ክምር ላይ በካርቶኖቹ ትክክል አስቀምጡ። የብርሃን ቀዳዳውን ሌንሱ እስከቻለው ድረስ ክፈቱት፤ ትንሹ ቁጥር ማለት ነው፣ ኤፍ 1.8 ወይም ኤፍ 4 ሊሆን ይችላል። የሚሳብ ዙም ሌንስ ከሆነ እስከ መጨረሻው አስረዝሙት። ካሜራው እንዳይነቃነቅ በራሱ በሚቆጥረው ሰዓት አንሡ።

አሁን በመሐለኛው ካርቶን ላይ ብቻ እያነጣጠራችሁ፦

ከ1 እስከ 4 ያሉትን ፎቶዎች በኦቶፎከስ አንሡ። ከ1ኛውና ከ2ኛው በፊት ሌንሱን ወደ ሩቅ አዙሩት፤ ከ3ኛውና ከ4ኛው በፊት ወደ ቅርብ አዙሩት።

ከ5 እስከ 8 ያሉትን ኦቶፎከሱን አጥፍታችሁ፣ በማያው እያያችሁ በእጃችሁ ፎከስ አድርጋችሁ አንሡ። ከእያንዳንዱ በፊት ፎከሱን አበላሹና እንደ አዲስ ጀምሩ።

ከ9 እስከ 16 ያሉትን ያንኑ ሁሉ በሌላ ሌንስ ድገሙ። ሌላ ሌንስ የሌላችሁ ከጓደኛ ተዋሱ። የሚኖልታው ለሚኖልታ፣ የኒኮኑ ለኒኮን፣ የካኖኑ ለካኖን ነው፤ አንዱ ለሌላው አይገጥምም።

የእያንዳንዱን ፎቶ ቁጥርና ሁኔታ ወዲያው ጻፉ። «በኋላ አስታውሰዋለሁ» አትበሉ፤ ፊልሙ እስኪታጠብ ሁለት እሁድ ያልፋል። ከፊልሙ 20 ፎቶ ይቀራችኋል፤ በእሱ እርስ በርሳችሁ ተነሡ። የቀጣሪዎቻችሁን ልጆች ወይም ቤታቸውን ግን ሳያስፈቅዱ ማንሣት ጣጣ አለው። መንገድ ላይም የወታደር ኬላ ወዳለበት ካሜራ አታዙሩ።

አምስተኛ፦ ፈተናው ምን አለ?

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ኔጋቲቩን በማጉያ እያያችሁ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። የትኛው ካርቶን ጽሑፍ ነው ጥርት ያለው?

ኦቶፎከሱ አንዴ የፊተኛውን፣ አንዴ የኋለኛውን፣ አንዴ መሐለኛውን ከያዘ ካሜራው መስተካከል ሳይሆን እርዳታ ነው የሚያስፈልገው። ብርሃን አንሶታል፣ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ያነጣጠራችሁት ነገር አላመቸውም። 1ና 2 ወደ አንድ ወገን፣ 3ና 4 ወደ ሌላ ወገን ከሳቱ ደግሞ የሌንሱ ጥርሶች ላልተዋል።

ኦቶፎከሱ አራቱንም ጊዜ ወደ አንድ ወገን ከሳተ፣ በእጅ ያደረጋችሁት ግን መሐለኛውን ጥርት ካደረገ፣ ወደ ፎከስ ዓይኑ የሚሄደው መንገድ ተዛብቷል። በሁለቱም ሌንሶች እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የካሜራው ነው፤ ትንሿ መስታወት ወይም የፎከስ ዓይኑ ከቦታው ተናግቷል። በአንዱ ሌንስ ብቻ ከሆነ ሌንሱ ነው።

ኦቶፎከሱ ትክክል ሆኖ በእጅ ያደረጋችሁት ከሳተ፣ ወደ ማያው የሚሄደው መንገድ ነው የተዛባው፤ ምናልባት ስክሪኑ በደንብ አልተቀመጠም። ወይም የእናንተ ዓይን መነጽር ይፈልጋል። ይህን ካያችሁ ዓይናችሁን ተመርመሩ፤ ካሜራው ውለታ ውሎላችኋል።

ሁለቱም በሁለቱም ሌንሶች ወደ አንድ ወገን እኩል ከሳቱ፣ ወይ ዋናው መስታወት እስከ መቀመጫው አልወረደም፣ ወይ የፊልሙ መቀመጫ ነው። የኋላውን በር ከፍታችሁ ፊልሙን የሚጫነው ጠፍጣፋ ብረት በስፕሪንጉ ላይ እኩል መመለሱን እዩ። የፎቶው አንድ ጎን ብቻ ሁልጊዜ ብዥ የሚል ከሆነም እዚያው ወይም የሌንሱ መግጠሚያ ላይ ተመልከቱ።

ይህን ፈተና የሠራች አንዲት እህት ነበረች። ጓደኛዋ ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ስትገባ የሽኝቱን ቡና በ36 ፎቶ አነሣች። ከሁሉም ላይ የግድግዳው ምንጣፍ ጥርት ብሎ፣ ጓደኛዋ ብዥ ብላ ወጣች። «እጄ አይረባም፣ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብላ ካሜራውን ልትሰጠኝ መጣች። አልቀበልም አልኳት፤ ካርቶኖቹን ደረደርን። በኦቶፎከስ ያነሣቻቸው በሁለቱም ሌንስ የኋለኛውን ካርቶን ያዙ። በገዛ እጇ ያደረገቻቸው ግን አንድ ሳይቀር መሐለኛው ላይ ነበሩ። እጇ ከካሜራው ይልቅ ትክክል ነበር። የሄደችውን ጓደኛዋን ፎቶ መመለስ አልቻልንም፤ ያን ዕለት ግን ካሜራውን ይዛው ሄደች፤ እስከ ዛሬም በእጇ ፎከስ እያደረገች ታነሣበታለች።

ስድስተኛ፦ ጠጋኝ ጋ ስትሄዱ

ዛሬ ያሉት ዲጂታል ካሜራዎች አንዳንዶቹ ኦቶፎከሳቸውን በምናሌ ማስተካከል ይቻላል። ካኖን ኢኦኤስ-1ዲ ማርክ 3ና ኒኮን ዲ300 በ2007 ይህን ይዘው ወጥተዋል። የፊልም ካሜራችን ግን ይህ የለውም። የሚስተካከለው መስታወቱ የሚያርፍበትን ትንሽ ፒን ወይም ብሎን በጥቂቱ በማዞር ነው። ጠጋኙ ፊልሙ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚያደበዝዝ መስታወት አድርጎ፣ ምስሉ የት ላይ እንደሚጠራ እያየ ነው የሚሠራው። የፀጉር ያህል ማዞር ብዙ ይለውጣል። ስለዚህ ይህን ቤት ውስጥ በቢላ ጫፍ አትሞክሩት።

በተለይ ፍላሹ አብሮት የተሠራ ካሜራ ከሆነ ገላውን በፍጹም አትክፈቱ። ለፍላሹ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ ወደ 300 ቮልት ይይዛል፤ ባትሪው ወጥቶም ይመታል።

ጠጋኙን «ተበላሽቷል» ብቻ አትበሉት። «ተበላሽቷል» ያለች ሴት የተጠየቀችውን ትከፍላለች። እንዲህ በሉት፦ «በኦቶፎከስ በ1 ሜትር ርቀት 5 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ይስታል። በሁለት ሌንስ ሞክሬዋለሁ። በእጅ ሳደርገው ትክክል ነው። ይኸው ኔጋቲቩ።» ይህን ስትሉ ሥራውን እንደምታውቁ ያያል፤ ያልተበላሸ ዕቃ ቀይሬያለሁ ለማለትም ይከብደዋል። ዋጋውን አስቀድማችሁ በወረቀት አስጽፉ፣ የካሜራውን ተከታታይ ቁጥር መዝግቡ፣ የተረከበበትን ደረሰኝ ያዙ። ሲመልስላችሁ ሌላ ፊልም አስገብታችሁ ከ1 እስከ 4 ያለውን ፈተና ድገሙት።

ጥገናው ከካሜራው ዋጋ ከበለጠስ? የነዚህ ካሜራዎች ዋጋ ዛሬ ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ያን ጊዜ የወር ደመወዛችሁን ለብሎን አትስጡ። ከጉድለቱ ጋር መኖር ይቻላል። ሦስት መንገድ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ በእጅ ፎከስ አድርጉ። በፈተናው ከ5 እስከ 8 ያሉት ከተሳኩላችሁ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?

ሁለተኛ፣ የብርሃን ቀዳዳውን ዝጉት። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 8 በ2 ሜትር ርቀት ብታነሡ ጥርት የሚለው ክፍል በድምሩ 75 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። የ5 ሳንቲሜትር ስሕተት እዚያ ውስጥ ይሰወራል። ለዚህ ደጅ ውጡ፣ አይኤስኦ 400 ፊልም ተጠቀሙ። የቤተሰብ ፎቶ፣ የሽኝት ፎቶ፣ ቆመው የሚነሡት ሁሉ በዚህ ያምራል።

ሦስተኛ፣ ጥፋቱ የአንድ ሌንስ ብቻ ከሆነ ያንን ሌንስ ተዉትና በሌላው አንሡ። ካሜራው ምንም አልሆነም።

እህቶቼ፣ ላጠቃልል። ፎቶው ብዥ ሲል መጀመሪያ እንቅስቃሴ ነው ወይስ ፎከስ በሉ። ቀጥሎ ሳጥኗ ምን ላይ እንደነበረች አስታውሱ። ከዚያ ባትሪውንና ነጥቦቹን እዩ። ያልተፈታ ከሆነ ካርቶኖቹን ደርድሩ፣ ጻፉ፣ አስተያዩ። ፈተናው የእጃችን ነው ካለ እጅ ይማራል። የካሜራው ነው ካለ ካሜራ ይጠገናል ወይም ዘዴ ይበጅለታል። ሳይፈተን ግን «እኔ ነኝ» አትበሉ።

በሚቀጥለው እሁድ ያላችሁን ኔጋቲቭ ሁሉ ይዛችሁ ኑ። የማጉያ መነጽርና የአየር መንፊያ እኔ አመጣለሁ። የሻይ ካርቶኑን አደራ፣ ባዶውንም ቢሆን አትጣሉት።